በተለያዩ ማኅበረሰቦች መካከል የበሽታ አጋላጭ ምክንያቶችን ለማጥናት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ፦ የደም ግፊት ጥናት እንደ ምሳሌ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከአንድ በላይ ማኅበረሰብን የሚያነጻጽር የጤና ጥናት ለመጀመር ለተነሡ የማስተርስ ተማሪዎች፣ የጤና ቢሮ ባለሙያዎችና ጀማሪ ተመራማሪዎች ነው። አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፤ እሱም በደጋ አርሶ አደሮች፣ በቆላ አርብቶ አደሮችና በአዲስ አበባ ነዋሪዎች መካከል የደም ግፊትን አጋላጭ ምክንያቶች የሚያነጻጽር ጥናት ነው። በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት በስታቲስቲክስ ቀመር ላይ የሚፈጸም ሳይሆን የቡድኑን ስም እንደ መንስኤ የመቁጠር ስሕተት ነው። «አርብቶ አደር»፣ «ከተሜ»፣ «ጥቁር» ወይም የአንድ ብሔረሰብ ስም ደም ግፊትን ከፍ አያደርግም፤ ከፍ የሚያደርገው ከስሙ ጀርባ ያለው ጨው፣ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ መጠጥ፣ ጭንቀት፣ የዘር ውርስ ወይም የሕክምና እጦት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ጉዳይ ይመለሳሉ።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ከሦስቱ በአንዱ መወሰን

«በማኅበረሰቦች መካከል ያለውን ልዩነት ማጥናት» የሚለው ሐረግ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይደብቃል። የመጀመሪያው፣ በሽታው ወይም አጋላጩ ምክንያት በየትኛው ማኅበረሰብ ይበዛል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ አጋላጭ ምክንያት በሁሉም ማኅበረሰብ እኩል ይጎዳል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ የታየው ልዩነት ከምን መጣ የሚል ነው። በፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከእነዚህ አንዱን ዋና ጥያቄ አድርገው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ሦስቱንም በአንድ ጥናት ለመመለስ የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱንም አይመልስም።

በጥያቄዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት በ2004 ውጤቱ የታተመውን ኢንተርኸርት የተባለ ጥናት መመልከት ይጠቅማል። ጥናቱ በ52 አገሮች ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የገጠማቸውን ሰዎች ከተቀራራቢ ቁጥር ጤነኞች ጋር አነጻጽሯል። ሲጋራ፣ የደም ቅባት፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የሆድ አካባቢ ውፍረትን ጨምሮ ዘጠኝ ምክንያቶች በወንዶች 90 በመቶ፣ በሴቶች 94 በመቶ የሚሆነውን የበሽታውን ድርሻ እንደሚያስረዱ የታየ ሲሆን፣ የምክንያቶቹ ጉዳት በየአካባቢው በአመዛኙ ተመሳሳይ ነበር። እጅግ የተለያየው የምክንያቶቹ ስርጭት ነው። ይህ ልዩነት ለፖሊሲ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሲጋራ በሁሉም ዘንድ እኩል የሚጎዳ ቢሆንም ሰዉ የማያጨስበት ወረዳ ውስጥ ገንዘቡን በፀረ ትንባሆ ዘመቻ ላይ ማዋል ብልህነት አይሆንም።

ሁለተኛ፦ ቡድኖቹን መበየን

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ለእያንዳንዱ ቡድን «ይህ ስም በዚህ ጥናት ውስጥ የሚወክለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያስፍሩ። አርብቶ አደር ሲሉ የወተትና የሥጋ አመጋገብን ማለትዎ ነው? የሙቀቱን መጠን? የጤና ተቋም ርቀትን? ወይስ የዘር ሐረግን? መልሱ አመጋገብ ከሆነ አመጋገብን በቀጥታ ይለኩ፤ ርቀት ከሆነ ርቀትን በኪሎ ሜትር ወይም በእግር ጉዞ ሰዓት ይመዝግቡ። ስሙን ብቻ መዝግቦ ወደ ትንተና የገባ ተመራማሪ በመጨረሻ የሚያገኘው «ቡድን ለ ከቡድን ሀ ይበልጣል» የሚል፣ ለማንም የማይጠቅም ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰፊ የቡድን ስም እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት የኩላሊት በሽታን እንውሰድ። በ2010 ኤፖል1 በተባለው ጂን ላይ የሚገኙ ሁለት ልዩነቶች በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ ለሚታየው ከፍተኛ የኩላሊት በሽታ አንዱ ምክንያት መሆናቸው ተገለጸ። እነዚህ ልዩነቶች በምዕራብ አፍሪካ በብዛት ይገኛሉ፤ ኢትዮጵያውያንን በመረመሩ ጥናቶች ግን ወይ አልተገኙም ወይ እጅግ ብርቅ ሆነው ተገኝተዋል። በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል መዝገብ ላይ ግን የዋሽንግተኑ ኢትዮጵያዊና የሌጎስ ተወላጁ ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ «ጥቁር» በሚለው ስር ይቀመጣሉ። ሳጥኑ ስለ ዘር ውርስ የሚናገረው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የኩላሊትን የማጣራት አቅም ለማስላት ይሠራበት የነበረው የዘር ማስተካከያም በዚህና በመሰል ምክንያቶች በ2021 በአሜሪካ ከቀመሩ እንዲወጣ ተደርጓል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ስሕተት አለ፤ ሁሉንም ነገር ለአካባቢ ብቻ መስጠት። በአገራችን ዝሆኔ ተብሎ ከሚጠራው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ሆኖም በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አፈር ላይ፣ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት መካከል የሚታመሙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። በወላይታ ተሠርቶ በ2012 የታተመ ጥናት የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩ ጂኖች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። አፈሩ፣ ጫማውና ውርሱ አብረው ነው የሚሠሩት፤ ይህን የሚያገኘው ደግሞ ሦስቱንም ለየብቻ የለካ ተመራማሪ ነው።

ውርስን ከአኗኗር ለመለየት ከሚረዱ መንገዶች አንዱ አንድን ሕዝብ በተለያየ አገር መከተል ነው። በ1960ዎቹ በተጀመረ ጥናት በጃፓን፣ በሃዋይና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጅ ወንዶች ሲነጻጸሩ የልብ በሽታው በጃፓን ዝቅተኛ፣ በሃዋይ መካከለኛ፣ በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በፈለሱት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም ሲገቡ ብርቅ የነበረው የስኳር በሽታ ከዓመታት በኋላ በግልጽ ጨምሯል። በእንዲህ ዓይነቱ ንጽጽር ግን የሚሰደደው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሚቀረው ይልቅ ወጣትና ጤነኛ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛ፦ የጥናቱን ዓይነት መምረጥ

ስርጭትን ለማወቅ የአንድ ጊዜ ዳሰሳ፣ ማለትም ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ይበቃል። ብርቅ በሽታን ለማጥናት ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር የሚያነጻጽረው ኬዝ ኮንትሮል ይመረጣል። ቀድሞ የመጣው የትኛው እንደሆነ ለማረጋገጥ ግን ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል ኮሆርት ያስፈልጋል። በ1948 በማሳቹሴትስ 5,209 ሰዎችን ይዞ የተነሣው የፍራሚንግሃም ጥናት ስለ ልብ በሽታ ብዙ ቢያስተምርም ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ስለነበሩ፣ በ2000 ሜሳ የተባለው ጥናት 6,814 ነጮችን፣ ጥቁሮችን፣ ሂስፓኒኮችንና የቻይና ተወላጆችን አካቶ ተጀምሯል። በአገራችን ኮሆርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከባዶ መነሣት የለበትም፤ በቡታጅራ፣ በዳባት፣ በግልገል ጊቤ፣ በቀርሳና በክልተ አውላዕሎ ዩኒቨርሲቲዎች ያቋቋሟቸው የሥነ ሕዝብና ጤና መከታተያ ጣቢያዎች የቤተሰብ መዝገብ ሲያጠናቅሩ ኖረዋል።

አራተኛ፦ የናሙና መጠንን ማስላት

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የሚታየው ቁጥር 384 ወይም 385 ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ስርጭቱ 50 በመቶ፣ የሚፈቀደው ስሕተት 5 በመቶ፣ የመተማመኛው ደረጃ 95 በመቶ ሲሆን ነው፤ የሚያገለግለውም አንድን ስርጭት በአንድ ማኅበረሰብ ለመገመት ብቻ ነው። ሦስት ቡድን ለማነጻጸር 385 ሰው ወስዶ ለሦስት ማካፈል ትልቅ ስሕተት ነው።

በምሳሌያችን ቀበሌዎች በዕጣ የሚመረጡ ስለሆነ የአንድ ቀበሌ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ለዚህ ማካካሻ 385ን በ2 ብናባዛ 770፣ 10 በመቶ ፈቃደኛ ላይሆን ይችላል ብለን 770ን በ0.9 ብናካፍል 856 እናገኛለን። ይህ ለአንድ ቡድን ነው፤ ለሦስቱ 2,568 ሰው ያስፈልጋል። ልዩነትን ለማሳየት ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ በአንዱ ቡድን 15 በመቶ፣ በሌላው 20 በመቶ የሆነን ስርጭት በ80 በመቶ ኃይል (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ ጥናቱ የማግኘት ዕድሉ 80 በመቶ ሆኖ) ለመለየት ከእያንዳንዱ ቡድን፣ የቀበሌው መመሳሰል እንኳ ሳይታሰብ፣ ከ900 በላይ ሰው ይፈልጋል። በጀቱ ይህን የማይችል ከሆነ የቡድኖቹን ቁጥር መቀነስ እንጂ የየቡድኑን ሰው መቀነስ አይመከርም። ለንጽጽር ያህል፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 ባካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆናቸው ወደ 9,800 የሚጠጉ ሰዎች ተሳትፈዋል።

ከተመረጠ ቤት ውስጥ ማን እንደሚጠየቅም በዕጣ ይወሰን። በቀን የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ የሚያገኘው እናቶችንና አረጋውያንን ስለሆነ፣ እርሻ የወጣው፣ ከብት የያዘው ወይም መሥሪያ ቤት የዋለው ሰው ሳይቆጠር ይቀራል። ቢያንስ ለሦስት ጊዜ፣ አንዱን በማለዳ፣ አንዱንም በሰንበት መመለስ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ ፈቃድና እምነት

ከተቋሙ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ሳያገኙ ወደ መስክ አይውጡ። ከዚያም የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የቀበሌውን አስተዳደር፣ የአገር ሽማግሌዎችንና የጎሳ መሪዎችን ያነጋግሩ፤ ሆኖም የሽማግሌው ይሁንታ የግለሰቡን ፈቃድ አይተካም። የፈቃደኝነት ቅጹ ደሙ ለምን እንደሚመረመር፣ የት እንደሚቀመጥና ለሌላ ጥናት ይውል እንደሆነ በግልጽ ይናገር። በአሜሪካ የሃቫሱፓይ ነባር ሕዝብ አባላት ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው የሰጡት ደም ለአእምሮ ሕመምና ለትውልድ አመጣጥ ምርምር መዋሉን ሲያውቁ ዩኒቨርሲቲውን ከስሰው፣ በ2010 በተደረሰ ስምምነት ካሣ ተከፍሏቸው የቀረው ናሙናም ተመልሶላቸዋል። አንድ ማኅበረሰብ እንዲህ ከተከዳ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ በሩን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ስድስተኛ፦ መጠይቁን ለየማኅበረሰቡ ማዘጋጀት

የዓለም ጤና ድርጅት ስቴፕስ የተሰኘው መጠይቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ፣ ቀጥሎ የሰውነት ልኬት፣ በመጨረሻ የደም ምርመራ ብሎ በሦስት እርከን ይሠራል። መጠይቁን ወደ አፋርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ያስተረጎሙ እንደሆነ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ እንዲተረጉመው ያድርጉ፤ ሁለቱ የማይገናኙበት ቦታ ላይ ጥያቄው መስተካከል አለበት። ትርጉም ስንል የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአማርኛ እንኳ «ደም ብዛት አለብዎ?» ሲባሉ ደማቸው በመጠን የበዛ መሆኑን የተጠየቁ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ «የጤና ባለሙያ ክንድዎን በመሣሪያ ለክቶ ግፊት ወይም ደም ብዛት አለብዎ ብሎዎት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የመጠጥ ጥያቄ ላይ ቢራ በጠርሙስ ይቆጠራል፤ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ግን በጣሳ፣ በብርሌና በመለኪያ ነው የሚጠጡት። የአካባቢውን ዕቃ ገዝተው በሚሊ ሊትር ለክተው ፎቶግራፉን ለመረጃ ሰብሳቢው ያስይዙ። ስለ ዘይት ሲጠይቁ «የሚረጋ ነው ወይስ የማይረጋ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ሳይንሳዊ ስያሜ የተሻለ መልስ ያመጣል። ስለ ከባድ ሥራም ማረስን፣ ውኃ መቅዳትንና እንጨት ተሸክሞ መውጣትን በስም ይጥቀሱ፤ አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ የዋለች እናት «ስፖርት አልሠራም» ብላ እንቅስቃሴ የሌላት ተብላ ትመዘገባለች።

የጾም ወራት ጉዳይ ብቻውን ምዕራፍ ሊጻፍበት የሚገባ ነው። በዐቢይ ጾም የተጠየቀ የኦርቶዶክስ ምእመን ሥጋና ቅቤ አልበላም ይላል፤ በፋሲካ ማግስት ቢጠየቅ ግን መልሱ ሌላ ነው። በረመዳንም የምግብ ሰዓቱ ይገለበጣል። አንዱን ማኅበረሰብ በጾም፣ ሌላውን በፍስክ የሚለካ ጥናት የቀን መቁጠሪያን ልዩነት የማኅበረሰብ ልዩነት አድርጎ ያቀርባል። ስለዚህ ሦስቱንም ቡድን በአንድ ወቅት መለካት፣ ይህ ካልተቻለ ወቅቱን እንደ አንድ ተለዋዋጭ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። «በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር? በ1977ቱ ድርቅስ አግብተው ነበር?» እያሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በታወቁ ክስተቶች ማስላት፣ 40፣ 50፣ 60 እያለ ከሚጠጋጋው ግምት ያድናል።

ሰባተኛ፦ ልኬት

አንድ መሣሪያ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራል ብሎ ማመን አደገኛ ነው። የደም ግፊት መለኪያውን የክንድ ማሰሪያ ይመልከቱ፤ መካከለኛው ማሰሪያ የሚስማማው ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ ነው። በቀጭን ክንድ ላይ ሲታሰር ከእውነተኛው ያነሰ፣ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር የበለጠ ቁጥር ይሰጣል። በምሳሌያችን ሁሉንም በአንድ ማሰሪያ ብንለካ የቀጫጭኖቹን አርብቶ አደሮች ግፊት ዝቅ፣ የከተሜውን ከፍ አድርገን ከምንም ተነሥተን ልዩነት እንፈጥራለን። ሦስት መጠን ያላቸው ማሰሪያዎችና አንድ የመለኪያ ሜትር በእያንዳንዱ የመረጃ ሰብሳቢ ቡድን እጅ ይኑሩ።

ተሳታፊው ቢያንስ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ቡና ያልጠጣ፣ ጫት ያልቃመና ያላጨሰ ይሁን፤ ጠዋት ወደ ቤቱ የሚገባ መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ ቡና ቀርቦ ስለሚጠብቀው፣ አስቀድሞ ልኬቱ እንዲያልቅ በትሕትና መጠየቅ የእሱ ፈንታ ነው። ሰውየው 15 ደቂቃ ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ሳያወራ ይቀመጥ። በሦስት ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ ይለኩና የሁለተኛውንና የሦስተኛውን አማካይ ይውሰዱ።

ውፍረትን በክብደትና ቁመት ብቻ መመዘንም ያሳስታል። ቅልጥመ ረጃጅም በሆኑ አርብቶ አደሮች ዘንድ ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከእውነተኛው የስብ መጠን ያነሰ መስሎ ስለሚታይ ተቀምጦ የሚለካ ቁመትም ቢወሰድ ጥሩ ነው። ለእስያውያንም የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2004 ከተለመዱት የቢኤምአይ ወሰኖች 25 እና 30 በተጨማሪ 23 እና 27.5ን የእርምጃ መነሻ አድርገው አስቀምጠዋል። የወገብ ዙሪያ የሚለካው በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል እንጂ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ አይደለም።

ስኳርን በኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ጥቂት ወራት አማካይ የደም ስኳር በሚያሳይ ምርመራ) የሚለኩ ከሆነ በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ያስቡ፤ ደም ማነስ በበዛበት ማኅበረሰብ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር አብሮ መውሰድ ይገባል። የሰዓት ጉዳይ ደግሞ ትንሽ ይመስላል እንጂ መረጃ ያበላሻል፦ ተሳታፊው «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አልበላሁም» ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ታብሌቱ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚመዘግበው። ቅጹ ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

ስምንተኛ፦ ትንተና

መጀመሪያ ዕድሜን ያስተካክሉ። ለምሳሌ በሁለት ማኅበረሰቦች ከ40 ዓመት በታች ባሉት 8 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባሉት 30 በመቶ ግፊት አለ እንበል። አንደኛው ውስጥ ወጣቶች 80 በመቶ፣ ሁለተኛው ውስጥ 50 በመቶ ቢሆኑ አጠቃላይ ስርጭቱ 12.4 እና 19 በመቶ ሆኖ ይወጣል፤ ከዕድሜ ስብጥር በስተቀር ግን በመካከላቸው አንዳች ልዩነት የለም።

ሁለተኛ፣ ስርጭቱ ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ቁጥር ኦድስ ሬሾን (በሁለት ቡድኖች የታመሙት ላልታመሙት ያላቸው ምጥጥን ሲነጻጸር የሚገኘውን ቁጥር) እንደ «እጥፍ» አድርገው አያንብቡት። 40 በመቶ እና 20 በመቶ ሲነጻጸሩ ስርጭቱ 2 እጥፍ ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.67 ይሆናል። ፖይሰን ሬግሬሽን በተባለው የስታቲስቲክስ ዘዴ የስርጭት ንጽጽርን በቀጥታ ማስላት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የቡድኑን ስም በቀመሩ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይፈትኑ። መጀመሪያ ስሙንና ዕድሜን ብቻ ያስገቡ፤ ቀጥሎ ጨው፣ ውፍረትና መጠጥን ይጨምሩ፤ ከዚያም የትምህርትና የገቢ ሁኔታን። በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት በየትኛው እርምጃ ላይ እንደቀነሰ ማየት በሁለተኛው ደረጃ ላይ ለጻፉት ጥያቄ መልስ ነው። ያልተብራራ ልዩነት ቢቀር «በዘር ምክንያት ነው» ብሎ መደምደም ግን አይፈቀድም፤ ጂን ካልለኩ ስለ ጂን የሚሉት ነገር የለም፤ የቀረው ልዩነት ያልተለኩ ነገሮች ሁሉ ድምር ነው። አንድ ምክንያት በአንዱ ቡድን ይበልጥ ይጎዳል ለማለትም በአንዱ ቡድን «ፒ» (ምንም ግንኙነት ባይኖር ይህን የመሰለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ከ0.05 ማነሱ፣ በሌላው መብለጡ አይበቃም፤ የምክንያቱንና የቡድኑን ጥምር ውጤት (ኢንተራክሽን) በቀጥታ መፈተን ግድ ነው።

ዘጠነኛ፦ ውጤቱን መጻፍና መመለስ

በሪፖርቱ ላይ ቡድኖቹ እንዴት እንደተሰየሙ፣ ስሙን ተሳታፊው ራሱ እንደመረጠው ወይም መረጃ ሰብሳቢው እንደሰጠው ይግለጹ። «እገሌ የተባለው ሕዝብ በሽተኛ ነው» የሚል ርዕስ ለጋዜጣ ይመቻል፤ ሰዎቹ ግን በገበያና በሥራ ቅጥር ላይ ዋጋ ይከፍሉበታል። ይልቁን የተገኘውን አጋላጭ ምክንያት ርዕስ ያድርጉት።

ለተሳታፊው ግን ሪፖርት እስኪታተም አይጠበቅም። የእያንዳንዱ ሰው የግፊት ቁጥር በዕለቱ፣ በወረቀት፣ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው፤ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲደግም የሪፈር ወረቀት ይያዝ፤ 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእጅና የእግር መዛል ያለበት ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት በጥናቱ መኪና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የነዳጁ ወጪ በጀቱ ሲረቀቅ አብሮ መያዝ አለበት። አጠቃላይ ውጤቱ ሲጠናቀቅ ወደየቀበሌው ተመልሶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በተገኙበት፣ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነገር፤ በስብሰባው ላይ የሚነሡት ጥያቄዎችም በቃለ ጉባኤ ይያዙ።